የአስካለ ሎሚ

ዘንድሮ ስቅለት ዕለት ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ቁጭ ብዬ ስቀና ዋልኩ። እንዲህ ያለው ነገር አይጻፍም፤ በተለይ የዚያን ቀን፣ በተለይ በእኔ ዕድሜ። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ይሰግዳል፤ እኔ ግንቡን ተደግፌ፣ ቀኝ እግሬን ወደ ፊት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ቀኝ ጉልበቴ ከታጠፈች አልዘረጋም፣ ከተዘረጋች አልታጠፍም ማለት ከጀመረች ቆይታለች። በአፌ “ኪርያላይሶን” እላለሁ፤ ዓይኔ ግን ከፊቴ በሚሰግድ አንድ ሽማግሌ ላይ ተተክሏል። ፀጉሩ እንደ ባዘቶ ነጭ ነው። ግንባሩ መሬት ይነካል፣ ብድግ ይላል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ አያስደግፍም፣ አያቃስትም፣ አይንገዳገድም። ወገቡ፣ ዳሌው፣ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተራ በተራ ይታጠፋሉ፣ ተራ በተራ ይዘረጋሉ፤ ዘይት እንደጠጣ የበር ማጠፊያ። “ጌታዬ፣ ለእኔ የነሳኸኝን ለዚህ ሰውዬ ለምን ሰጠኸው?” ብዬ አሰብኩና ወዲያው አማተብኩ። ሰውየው ነጠላውን ሊያስተካክል ዞር ሲል ፊቱን አየሁት። ዘሪሁን ነው። ወጌሻው ዘሪሁን። ከዚያማ ቅናቴ እጥፍ ሆነ።

ስግደቱ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ባለቤቴ አስካለ ከሴቶቹ በኩል መጥታ ክንዴን ያዘች። እኔ ዘሪሁን ሳያየን ሹልክ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ሹልክ ለማለት ግን ጉልበት ያስፈልጋል። እሷ ከሩቅ አይታው ኖሮ “ዘርዬ!” ብላ ተጣራች። ዘርዬ። እኔን እንኳ ወልዴ ብላ ነው የምትጠራኝ፤ እሱም እናቴ ያወጣችልኝ ስም ስለሆነ ነው እንጂ ከእሷ የተጨመረበት ነገር የለም። ዘሪሁን እየሳቀ መጣ። ደግነቱ ሕማማት ነው፣ መሳሳም የለም፤ በሩቁ እጅ ነሱና አለፉት። ያንን ሥርዓት ያወጡ አባቶችን ነፍሳቸውን ይማር ብያለሁ በልቤ።

“አንተ፣ አሁንም እንዲህ ትሰግዳለህ እንዴ?” አለችው።

“ምን ላድርግ አስኩ፣ ኃጢአቱ አላልቅ አለ!” አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ወልዴ፣ ያቺ ጉልበት ምን ሆነች?”

“ምንም አልሆነች።”

“ስትነሳ አይቼሃለሁ እኮ። ግንቡን አቅፈህ ነው የተነሳኸው። ቤተ ክርስቲያኑን ይዞ ሊሄድ ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።” አስካለ ሳቀች። “አምስት ኪሎ ነው ያለሁት፣ የድሮ ቤቴ ሲፈርስ የገባሁባት ክፍል። ና ልይልህ።”

“ሐኪም አለኝ” አልኩት።

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። ሐኪም የለኝም። ሐኪም ቤት የገባሁት ልጆቻችን ሲወለዱ ነው፣ ያኔም ኮሪደሩ ላይ ነው የቆምኩት። በስቅለት ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዋሽቼ ወጣሁ፤ ከዚያ የተከተለው ሁሉ የመጣው ከዚያች ቃል ነው።

ዘሪሁንን ላላየ ሰው ቅናቴ አይገባውም። ወጌሻ የወለቀ የሚመልስ፣ ወለም ያለውን በቅቤ የሚያሽ መሆኑን ማንም ያውቃል። ዘሪሁን ግን ከአባቱ ከተማረው ሌላ የሰፈራችን የኳስ ቡድን ወጌሻ ነበር። በዚያን ዘመን፣ እኛ ወጣት ሆነን ፒያሳ የእኛ በነበረችበት ጊዜ፣ ተጫዋች ሲወድቅ ነጭ ቱታውን ለብሶ፣ ትንሿን ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ ሲገባ ከጎል በላይ ይጨበጨብለታል። እንደ ሚዳቋ ነው የሚሮጠው። ከወደቀው ልጅ አጠገብ በርከክ ይልና ወሬ ይጠይቀዋል። “እናትህ ማን ይባላሉ? ትናንት ምን በላህ?” ልጁ ለመመለስ አፉን ሲከፍት ያን ጊዜ ሳያስበው ጎትቶ ይመልሰዋል። ሰው ሲያወራ ጅማቱ ይረሳል ይል ነበር። ሰፈር ውስጥ ደግሞ እግሯን ወለም የማይላት ልጃገረድ አልነበረችም። እናቶች “ምን ዓይነት ዘመን መጣ፣ ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ስትሄድ እግሯ የሚዞር?” ይላሉ። እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ አልተናገርኩም እንጂ።

እኔ ደግሞ ምን ነበርኩ? የኬክ ቤት አስተናጋጅ። ከጉራጌ አገር የመጣሁት በአጎቴ እጅ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት እዚያው ፒያሳ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ነው። መጀመሪያ የማውቃቸው ቃላት ሁሉ የሚጠጡና የሚበሉ ነበሩ፤ ማኪያቶ፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ብስኩት። ማንበብና መጻፍ የቻልኩት ዘግይቼ፣ በማታ ትምህርት ነው። ግን ቤቱ ቤት ነበር! ባንኮኒው እብነ በረድ፣ ማሽኑ ሲያፏጭ ባቡር ጣቢያ የቆምክ ይመስልሃል። ማኪያቶ በስሙኒ የሚጠጣበት ጊዜ ነው፤ ለስሙኒ ደግሞ ሰው እንዴት ነበር የሚለብሰው! ሱሪው ከታች እንደ ደወል ተነፍቶ ጫማውን ይሸፍናል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻ ላይ ይደርሳል፣ አፍሮው በር ላይ ጎንበስ ያስብላል። እኛ አስተናጋጆቹ ነጭ ኮትና ጥቁር ፓፒዮን። ከሙዚቃ ቤቱ በራፍ ላይ ካለው ሣጥን የሚወጣው ዘፈን ከወርቅ ቤቶቹ ደጅ አልፎ እኛ ጋ ይደርሳል፤ ሸክላው የተጫረበት ቦታ ላይ ሲደርስ አንዷን ቃል ይደጋግማታል፣ እኛም ትሪ ይዘን አብረን እንደጋግማታለን። አሁን ያ መንገድ ሰፍቷል፤ መብራቱ የቀን ያህል ነው፤ ወጣቶቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። ያምራል፣ አላማም። ግን የቱ ጋ ቆሜ እንደነበር ለማሳየት ጣቴን ብዘረጋ ጣቴ የሚያርፍበት የለም።

ከኬክ ቤቱ ፊት ለፊት የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቅ ነበረች፤ አስካለ እዚያ ትሸጥ ነበር። ቁልፍ ስትመርጥ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ትላለች፣ ሹሩባዋ ወደ ፊት ይወርዳል፤ እኔ ትሪዬን ይዤ በመስኮት አያለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ስለምሠራ እግሬ ማታ ማታ እንደ እንጨት ይሆናል፤ እሷን ካየሁ ግን የቆምኩ አይመስለኝም። ምን ብዬ ላናግራት? አጎቴ ሲያወራ ሰምቼ ነው፣ የደጋ ልጆች ጥምቀት ላይ የወደዷትን ልጅ ሎሚ ይወረውሩባታል አለ። ከተማ ውስጥ ያ ነገር ያኔም የቀረ ነበር፤ እኔ ምን አውቄ! ጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ሄድኩ፤ ኬክ ቤት ለሻይ ከመጣው ሎሚ ቢጫውን፣ ቆንጆውን መርጬ በኪሴ ይዤ። አስካለ ከጓደኞቿ ጋር ቆማለች። ወረወርኩ። ትከሻዋን መታትና እግሯ ሥር ወደቀ። እኔ ከሰው መሀል ገባሁ። ተደብቄ ሳይ ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ግራ ቀኝ አየች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ ያን ዕለት ከጃንሜዳ ፒያሳ ድረስ መሬት አልረገጥኩም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት፣ ከእሪ በከንቱ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው የድንጋይ ዳገት ወደ ሥራ ስወጣ ከፊቴ አስካለን አየኋት። የዘመኑን ባለ ረጅም ታኮ ጫማ አድርጋለች፤ ታኮው ራሱ አንድ መንበር ያህላል። ድንጋዩ መሀል ታኮዋ ተቀረቀረ፣ እሷ ዞር አለች፣ ጫማዋ ግን አልዞረም። ወደቀች። ስደርስ ጉልበቷ ቅርጹን ለውጧል፤ ጉብታው ከፊት ጠፍቶ ወደ ውጭ በኩል ሄዷል። ፊቷ አመድ መስሏል። “አይዞሽ” አልኳት። ደግፌ አነሳኋት። በአንድ እግሯ እየነጠረች፣ ክንዷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ዳገቱን ወጣን። እዚያ አካባቢ ያለው ወጌሻ ማን ነው? ዘሪሁን። በገዛ እጄ ደግፌ ወሰድኳት።

እሱ ከእኔ ተቀብሎ አስገባትና “አንተ እዚሁ ቆየኝ ወንድሜ” ብሎ የቆርቆሮውን በር ዘጋው። በር ላይ ቆምኩ። ውስጥ ቅቤ ሲቀልጥ ይሸተኛል። ድምፁ ይሰማኛል፣ ቀስ ያለ፣ ሕፃን የሚያባብል ድምፅ። ከዚያ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ “አገኘኋት! ሎሚሽን አገኘኋት። ሸሽታ ነበር፤ አሁን በእጄ ናት። አይዞሽ አስኩ፣ ሎሚሽን ይዣታለሁ።”

ሎሚዬን! እኔ የወረወርኩትን፣ እሷ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው? ወይስ የወረወረው እሱ መስሏት ነው? ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቃት፤ አልሰማሁትም። ወዲያው እሪ አለች። ከዚያ ሲያወሩ ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። በሩ ሲከፈት አስካለ ቆማ ነበር። ፊቷ ቀልቷል። ዘሪሁን ላቡን እየጠረገ “በየሁለት ቀኑ አምጣትና አሽላታለሁ” አለኝ፤ እኔን እንደ ወንድሟ ቆጥሮ።

ወሰድኳት። ምን ላድርግ? ሌላ ሰው ደግፎ ከሚወስዳት እኔው ይሻላል ብዬ። በሁዳዴ ሰሞን ሁሉ ዘሪሁን በር ላይ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አጎቴንና የአገሬን ሰዎች ይዤ ሽማግሌ ላክሁ፤ እንቢ እንደምባል አውቄ። እሺ ተባልኩ። ከደስታው ብዛት ለምን እሺ እንደተባልኩ አልጠየቅኩም። ጥያቄው የመጣው በኋላ ነው፤ መጥቶም አልሄደም። ዘሪሁን ሎሚዋን ይዞ ሌላ አገባ። ታዲያ እኔ ማነኝ? የመረጠችኝ ነኝ ወይስ እሱ ሲተዋት የቀረኋት? ልጆች ወለድን፣ የልጅ ልጅ አየን፤ ሰፈሩ ፈርሶ አራት ኪሎ ጀርባ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ያቺ ጥያቄ ዕቃ ስናጓጉዝ አብራን ተጓጓዘች። ቤቴ ውስጥ ሻይ ላይ ሎሚ አይገባም። አስካለ ምክንያቱን ጠይቃኝ አታውቅም። ጎረቤት እግሩን ባመመው ቁጥር ግን “ዘርዬ ጋ ሂድ፣ እጁ መድኃኒት ነው” ትላለች፤ እኔም ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ።

እና ከፋሲካ በኋላ፣ “ሐኪም አለኝ” ያልኩት ውሸት ሆኖ እንዳይቀር፣ ትልቋ ልጄ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና የሚሰጥበት አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ የጉልበቴን ራጅ አስነሳኝና ለአንዲት ወጣት ሴት አስረከበኝ፤ እንቅስቃሴ የምታሠራ ናት። ክፍሏ ጥግ ላይ ሙሉ አጽም ተሰቅሏል።

“አይፍሩ አባባ፣ ፕላስቲክ ነው” አለችኝ።

“አልፈራሁም ልጄ። ጥርሱ አንድም አልጎደለም፤ ቀናሁበት።”

ሳቀችና የአጽሙን እግር ይዛ ታስረዳኝ ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እግሬ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። “ይቺ የጭን አጥንት ናት፤ ከሰውነትዎ አጥንት ሁሉ ረጅሟም ጠንካራዋም እሷ ናት። ከታች ያለችው ቅልጥም ናት። ሁለቱ ዝም ብለው አይፋተጉም፤ መሀላቸው ልስልስ አጥንት አለ፣ እንደ ፍራሽ። ዘይት የመሰለ ፈሳሽም አለ።”

“ዘይቱ አልቆብኛል በይኛ።”

“ዘይቱ አላለቀም፣ ፍራሹ ነው የሳሳው። እሱ ደግሞ የራሱ ደም ሥር የለውም፤ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው ምግቡን የሚያገኘው። ቁጭ ባሉ ቁጥር ይራባል።” የእግሬን መዳፍ ገልብጣ ጎድጎድ ያለውን ነካች። “ይቺ እንደ ድልድይ ቅስት ናት፤ ሲረግጡ ትረግባለች፣ ሲያነሱ ትነሳለች። ጀርባዎም ቀጥ ያለ እንጨት አይደለም፤ ጎበጥ ጎበጥ ያለው ሲራመዱ ንዝረቱ ጭንቅላትዎ ድረስ እንዳይመጣ ነው።”

“እኔ እኮ ቆሜ በመሥራቴ ያለቅኩ መስሎኝ።”

“አንድ ቦታ መገተር ያደክማል። አጥንት ግን ድንጋይ አይደለም አባባ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሲሸከም ይጠነክራል፣ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል።” ይህቺን ወደድኳት። እኔ የማውቀው ሌላ ነገር አለ እንዲሁ ሸክም ሲበዛበት የሚጠነክር፤ ቅናት። አልነገርኳትም። “የሚያምዎት ደረጃ ሲወጡ ነው ሲወርዱ?”

“ስወርድ ይብሳል።”

“አዎ። ሲወርዱ ክብደትዎ እጥፍ ሆኖ እዚህች ላይ ነው የሚያርፈው። ችግሩም እዚሁ ነው፤ ሎሚዎ ላይ።”

“ምኔ ላይ?”

“ሎሚዎ ላይ። የጉልበትዎ ሎሚ።” ጣቷን ጉልበቴ አናት ላይ፣ ክብ በሆነችው አጥንት ላይ አሳረፈች። “ጅማቱ በእሷ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ከጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ ገመዱ የሚንከባለልበት መዘውር አለ አይደል? እሷ ባትኖር እግርዎን ለመዘርጋት ብዙ ጉልበት ይጠይቅዎት ነበር።”

“ልጄ፣ ይሄ ስም አሁን የወጣ ነው?”

“ኧረ የጥንት ነው! እኛ ትምህርት ቤት በሌላ ስም ነው የተማርነው። ሎሚ የምንለው እናንተ እንድትረዱን ብለን ነው።”

እንድንረዳቸው። ተረዳሁ።

“ትሸሻለች?” አልኳት።

“ምን?”

“ሎሚዋ። ወደ ጎን ትሸሻለች?”

“አዎ ትወልቃለች፤ በተለይ ወጣት ሴቶች ላይ፣ እግራቸው ተተክሎ ሰውነታቸው ሲዞር። እንዴት አወቁ?”

“ሰምቼ ነው” አልኩ።

ሰው ይህን ሁሉ ዘመን አራዳ ኖሮ የጉልበትን ሎሚ አያውቅም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ሎሚን ያወቅኩት ከባንኮኒ ጀርባ ነው፤ በአገሬ ቋንቋ ያቺ አጥንት ሌላ ስም አላት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ሰው “ጉልበቴን” ብሎ ያልፋል እንጂ አጥንቱን በስም አይጠራም። ቢጠራም እኔ ሎሚ በተባለበት ሁሉ ጆሮዬን ዘግቼ ነው የኖርኩት። ከክሊኒኩ ስወጣ ልጄ “አባዬ፣ ምን አለችህ?” ትለኛለች፤ ምኑን ልንገራት? ከባድ ዕቃ ከትከሻው ያወረደ ሰው ወዲያው አይቀለውም፤ መጀመሪያ ይንገዳገዳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ቤት ስደርስ አስካለ ሶፋው ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

“አስካለ፣ የጉልበት ሎሚ የሚባል ነገር ታውቂያለሽ?”

“የማያውቅ አለ?”

“አለ” አልኩ፤ ነገርኳትም። የቆርቆሮውን በር፣ የሰማሁትን ቃል፣ ሁሉንም። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ እንባዋ መጣ።

“እና ሻይ ላይ ሎሚ አላስገባም ያልከኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ጨጓራህን መስሎኝ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ለሰው እንኳ ጨጓራ አለበት እያልኩ ኖሬያለሁ!”

“ታዲያ የወረወርኩት ሎሚ የት ገባ?”

“ሻይ ጠጣሁበት። ምን ላድርገው? ማን እንደወረወረው በምን አውቄ?”

እኔም ሳቅኩ። እንዲያ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ! “እንግዲያ በእናንተ መሀል ምንም አልነበረማ!” አልኩ፤ ሶፋው ላይ ደገፍ ብዬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እንደ ጌታ።

አስካለ ሳቋን ጨረሰች። ሰፌዱን አነሳች። አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች።

“እሱን አላልኩም” አለች።

እግሬን ሰበሰብኩ።

“ጠይቆኛል” አለች። “ያኔውኑ፣ ሎሚዋን ሲመልሳት። ሰውን ወሬ ጠይቆ አይደል የሚጎትተው? እኔን ‘ታገቢኛለሽ ወይ?’ አለኝ። ደንቡ መስሎኝ ልመልስ አፌን ስከፍት መለሳት፤ እሪ አልኩ።”

“እሪታሽን ሰምቻለሁ።”

“ከዚያ ላቡን ጠርጎ፣ ‘የጠየቅኩሽ ግን የምሬን ነው’ አለኝ።”

“ምን አልሽው?”

“እስኪ ላስብበት።”

“እስከ መቼ አሰብሽ?”

“እስከ ፋሲካ።”

“ሁዳዴን ሙሉ?!”

“ከሁዳዴ በፊት ያለውንም ጨምርበት” አለችኝ፤ ሂሳብ እንዳልሳሳት ብላ።

ይኸው እንግዲህ። ቃሉን ተሳስቼ ሰምቻለሁ፤ ነገሩን ግን አልተሳሳትኩም። እኔ በር ላይ ቆሜ እሷ ውስጥ ሆና ታስብ ነበር። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። “አስካለ፣ አንዴ ንገሪኝ። እሱን አስበሽ ሲቀር ነው እኔን ያገባሽው?”

ምስሩን ትታ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም ወይም እኔ አላየኋትም።

“ዘሪሁን ጥሩ ሰው ነው” አለች። “እጁ የረጋ ነው፣ ሞቃት ነው። መጀመሪያ ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር፣ ምን እዋሽሃለሁ። ኋላ አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ከእኔ ቀድመው ገቡና በሩ ሳይዘጋ ቀረ። የእሳቸውን እግር ልክ እንደ እኔ እግር ነው የያዘው። ከእሳቸው በኋላ አንድ የኳስ ልጅ ገባ፤ የእሱንም ልክ እንደ እኔ። ለሁሉም አንድ ነው። ለወጌሻ እንዲያ ነው የሚገባው፤ ለባል ግን እንጃ።” ሰፌዱን ነቅነቅ አደረገች። “አንተ ዳገቱን ደግፈህ ስታወጣኝ ክንድህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብጄው ነው ብዬ አፈርኩ። ቤቴ ተኝቼ ሳስበው ግን፣ አንተ ያን ሁሉ ብርጭቆ ባንድ እጅህ ይዘህ፣ በሰው መሀል ስትሽሎኮሎክ ጠብታ የማይፈስህ ሰው ነህ። በሱቁ መስታወት አይህ ነበር። ለብርጭቆ ያልተንቀጠቀጠ ክንድ ለእኔ ለምን ይንቀጠቀጣል? እሱን እያሰብኩ ነው ፋሲካ የደረሰው።”

በሱቁ መስታወት አይህ ነበር አለች። እኔ በመስኮት ሳያት እሷም ታየኝ ኖሯል። ተነስቼ ውኃ ልጠጣ ሄድኩ፤ ጉልበቴ ተንቋቋች፣ አልሰማኋትም። አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ፣ ሁለተኛውን ስቀዳ ግን ያ ሁዳዴ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ጾም፣ ያ ሁሉ ቀን፣ ልቧ እዚያ ሄዶ ነበር ብላለች በገዛ አፏ። ደርሶ መልስ መሆኑ ጥሩ ነው፤ መሄዱ ግን መሄድ ነው።

“ነገ ዘሪሁን ጋ ሄደህ ጉልበትህን ይይልህ” አለች ከሳሎን።

“ልጅቷ እንቅስቃሴ ሰጥታኛለች።”

“የልጅቷንም ትሠራለህ። እሱም ይይልህ። የወጌሻ እጅ ትፈራለህ እንዴ?”

“አልፈራም። እሺ፣ እሄዳለሁ። አንቺ ግን ቤት ትቀሪያለሽ።”

“እሺ” አለች። “ደረጃውን ማን ደግፎ ያወርድሃል?”

ሦስተኛ ፎቅ ነው ያለነው። “እንግዲያው ነይ” አልኳት። “አንድ ነገር ግን አደራ። ሲቀልድ አትሳቂ።”

“ካሳቀኝስ?” አለችኝ።